ለፊት የተቀመጠው እርጎ

በዚያ ቀን ጠዋት እህቴ ፊቴን ቢጫ አደረገችው።

ከሌላ ቦታ ልጀምር ብዬ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ስለ እሷ ለመጻፍ ስቀመጥ ቀድሞ የሚመጣው ያ ጠዋት ነው። ግቢያችን ውስጥ ዱካ ላይ አስቀምጣኛለች። በአንድ እጇ ጎድጓዳ ሳህን ይዛለች፤ ሳህኑ ውስጥ ወፍራም እርጎ፣ እርድና ትንሽ ማር አለ። በሌላ እጇ አገጬን ይዛ ወደ ፀሐይ አዞረችኝ።

«ብጉርህን ያጠፋዋል» አለች።

«ማን አለ?»

«ሳዑዲ የሠራሁላት ሴትዮ በየሳምንቱ ትቀባው ነበር። ፊቷ እንደ ብርጭቆ ያበራ ነበር።»

«ብጉር ነበራት?»

«ዝም በል፣ አፍህ ይገባል።»

እናታችን ከበራፉ ላይ ሆና ታየናለች። እኛ «አዮ» ነው የምንላት። «ኩን ማሊ?» አለች፤ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ማለቷ ነው። አዮ ስትገረምም ስትቆጣም ወደ ኦሮምኛ ትሄዳለች። ከዚያ በአማርኛ ጨመረችበት፦ «ሰው እርጎውን ይጠጣል እንጂ ይለቀለቅበታል? ልጁን ልትጋግሪው ነው?»

እህቴን «እቴ» ነበር የምላት። በዕድሜ ብዙ ትበልጠኛለች። ከከሚሴ ልጆች ብዙዎቹ እንደሚያደርጉት ገና በወጣትነቷ ሳዑዲ ሄዳ ሰው ቤት ሠራች። ስትመለስ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ የሰው ባጃጅ መንዳት ጀምሬ ነበር። ሌሎች ሲመለሱ ወርቅ፣ ቴሌቪዥን፣ ብርድ ልብስ ይዘው ነው። እሷም ብርድ ልብስ አምጥታለች። ዋናው ነገር ግን ጭንቅላቷ ውስጥ ነበር፤ እሱም እርጎ ነው። እንዴት ልበል፣ የሚያስቅ ነው፣ ግን እንደዚያ ነው። የአሠሪዋ ፍሪጅ ውስጥ ያየችው እርጎ ሁሉ አእምሮዋ ውስጥ ተደርድሮ መጣ፤ እንደ ቅቤ ዳቦ ላይ የሚቀባው፣ በጠርሙስ የሚጠጣው፣ ከፍራፍሬ ጋር በኩባያ የሚሸጠው፣ ፊትና ጸጉር ላይ የሚደረገው። «ወተቱ የእኛ ይሻላል» ትል ነበር። «እኛ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የምናደርገው።»

ቀማሿ እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ እርጎውን በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ከጣሪያው ማገር ላይ ሰቀለችው። ውኃው እየተንጠባጠበ አድሮ ጨርቁ ውስጥ የቀረው ወፍራም ነገር ጨውና ዘይት ተደረገበትና በዳቦ በላሁት። ወደድኩት። አዮ «አይብ መሥራት ሰንፈሽ ነው» አለቻት። ከዚያ ፓፓያ ሆነ። ፓፓያውን ፈጭታ ከእርጎው ጋር ቀላቀለች፤ ወዲያው ስንቀምሰው ጣፋጭ ነበር። ገበያ ደርሳ እስክትመለስ ግን እሬት ሆኖ ጠበቃት። ይህን ያወቅነው እኔ ብርጭቆውን ሙሉ ስጠጣው ነው። እሷ በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጠች። ማንጎው ግን ተሳካላት። የማንጎውን እርጎ በፕላስቲክ ኩባያ እያደረገች መናኸሪያው አጠገብ ያለች ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጠው ጀመር። የደሴና የአዲስ አበባ መንገደኛ ሲወርድ ይገዛል። የከሚሴ ሙቀት ያግዛታል።

አሁን ስለ እርሾው ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከእሱ ነውና።

አዮ ስታገባ ከእናቷ ቤት ካመጣቻቸው ነገሮች አንዱ በቅል ውስጥ ያለ እርጎ ነበር። ያ እርጎ እስከ እኛ ዘመን አልጠፋም። ሁልጊዜ ከቅሉ ሥር ጥቂት ይቀራል፤ በእሱ ላይ አዲስ ወተት ይጨመራል፤ እሱ ያረጋዋል። ቅሉ አፉና አንገቱ ይጠረጋል እንጂ ሆዱ ታጥቦ ባዶ አይሆንም። እቴ ከሳዑዲ ስትመጣ እርጎው ይጎመዝዝ ነበር፤ ያለ ስኳር የሚጠጣው አዮ ብቻ ነበረች። እቴ ያንኑ እርሾ ይዛ ሠራችበት። በተለያዩ ትንንሽ ዕቃዎች ከፋፍላ ታረጋዋለች፤ ከሁሉ የጣፈጠውን መርጣ ወደ ቅሉ ትመልሳለች፤ በሚቀጥለው ደግሞ እንደዚያው። ብዙ ወራት ፈጀባት። በመጨረሻ የወጣው እርጎ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ የወይራ ጭስ ከሩቅ የሚሸት፣ ምላስ የማይቆነጥጥ ሆነ። አዮ ቀመሰች። ከዚያ ሌላ ጽዋ ጠየቀች። አዮ ማሞገስ ላይ እስከዚያ ድረስ ነው የምትሄደው።

ወደዚያ ቀን ልመለስ።

ፊቴን ታጠብኩ። ቢጫው አልለቀቀም። በሳሙና ደገምኩት፤ ግንባሬ ላይ ትንሽ ደበዘዘ እንጂ ጆሮዬ ሥርና የጸጉሬ መነሻ ላይ እንደ ቀለም ተቀምጧል። እቴ ሳህኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«እርዱ በዝቷል መሰለኝ» አለች።

«መሰለሽ?»

«ግን ለስልሷል። ንካው።»

በዚያ ፊት ባጃጅ ይዤ ወጣሁ። መናኸሪያው ጋ ሦስት ሴቶች ተሳፈሩ፤ አንደኛዋ በመስታወቱ አይታኝ «አንተ ልጅ፣ የወፍ በሽታ ይዞህ ነው የምትነዳው?» አለች። ሌላዋ «ተይው፣ ሙሽራ ይሆናል» አለች። እስኪወርዱ ሳቁብኝ። ሌሎቹ ባለ ባጃጆች ደግሞ እስከ ቀትር ስም አወጡልኝ።

ለምሳ ቤት ስገባ እቴና አዮ በአዲስ ነገር እየተከራከሩ ነው። እቴ እርጎውን በውኃ አቅጥና፣ ጨው አድርጋበት፣ የናና ቅጠል ቀንጥሳ ጥላበት በጠርሙስ ሞልታዋለች። ዓረቦቹ ከሥጋ ጋር የሚጠጡት ነው። ለአዮ በብርጭቆ ቀዳችላት። አዮ ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች።

«ይሄማ አሬራ ነው» አለች።

«አሬራ አይደለም፣ አዮ። አሬራ ቅቤው ወጥቶለት የቀረው ነው። ይሄ ቅቤው አለበት።»

«ጨው ያለው አሬራ ነው። አሬራ ልትሸጪ ነው ወይ? ወላሂ ታዋርጂኛለሽ። የእከሊት ልጅ አሬራ ሸጠች ሊባል?»

ለማያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። በእኛ ሰፈር ወተት ይሸጣል፣ ቅቤ ይሸጣል፣ አሬራ ግን አይሸጥም። በቤቷ የናጠች ሴት አሬራውን ላም ለሌለው ጎረቤት ትሰጣለች። ልጆች ጣሳ ይዘው ይመጣሉ። አሬራ የሚሸጥ ሰው ማለት የውኃ ዋጋ ከጎረቤቱ የሚጠይቅ ማለት ነው።

እቴ ተናደደች እንዳልል ሳቀች። «እሺ፣ ለጎረቤት በነጻ፣ ለአዲስ አበባ ሰው በገንዘብ» አለች። አዮም ልትስቅ ነበር፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

ያኔ ነው እቴ የግመሉን ወተት ነገር ያነሳችው። በማግስቱ የሰንበቴ ገበያ ነው። እዚያ የአፋር ሴቶች የግመል ወተት ይዘው ይመጣሉ። እቴ የግመል ወተት በእሷ እርሾ ይረጋ እንደሆነ ማየት ፈልጋለች። ይረጋል ብላ ከልቧ አምናለች። ከረጋ፣ ስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች ሁሉ ይገዙታል አለች።

«አናን ጋላ ሂን እትቱ» አለች አዮ። የግመል ወተት አይረጋም። «ይቀጥናል፣ ይጎመዝዛል፣ አይረጋም። አባቶቻችን ያላረጉትን አንቺ ልታረጊው ነው?»

«እነሱ ሞክረውታል?»

«ምን ይሞክሩታል! አይረጋም እያልኩሽ።»

«እሺ አዮ፣ ነገ አምጥቼ አብረን እናየዋለን።»

«እኔ አላየውም» አለች አዮ።

ከሰዓት በኋላ ልወጣ ስል እቴ ክዳን ያለው የመስታወት ዕቃ በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። ከቅሉ የተቀዳ እርጎ ነው። ወደ ጸጉር ሠሪዋ አድርስልኝ አለች። ጸጉር ሠሪዋ ከደሴ መጥታ ዋናው መንገድ ዳር ቤት የከፈተች ክርስቲያን ናት፤ የእቴ ወዳጅ። ሁለቱ ተነጋግረው እርጎ ለጸጉርና ለፊት መሞከር ጀምረዋል። ሂና ከመደረጉ በፊት ጸጉር ላይ፣ ለሙሽራ ፊት ላይ። እኔ እዚያ ቤት መግባት አልወድም ነበር፤ ሴቶቹ ሁሉ ዞረው ያዩኛል።

እንደ ፈራሁት ሆነ። ገና በመጋረጃው ሳልፍ ጸጉር ሠሪዋ «ውይ! እሱንም ቀባችው?» ብላ ጮኸች። ዕቃውን ተቀብላ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች፤ ዐይኗን ጨፈነች።

«ቅመሽው እንጂ» አልኳት፤ ምን እንደምል ስላላወቅኩ።

«ጾም ነው የኔ ልጅ። ለፋሲካ በዚህ ነው የምገድፈው ብያታለሁ። እስከዚያ ለፊት ነው።»

«ፊትስ አይጾምም?»

«ስለ ፊት ቄሱ ምንም አላሉም» አለችና ዕቃውን ውኃ የሞላ ባልዲ ውስጥ አስቀመጠችው፣ እንዲቀዘቅዝ።

ማታ ቤት ስገባ እቴ ለግመሉ ወተት አንዲት ትንሽ ቢጫ ጀሪካን እያጠበች ነበር። «ነገ እስክመለስ ቅሉን ማንም እንዳያንቀሳቅሰው» አለችኝ። «አሁን ወተት ጨምሬበታለሁ። ሲረጋ የነኩት እንደሆነ ይበጠሳል።» እሺ አልኳት። ያለችኝ የመጨረሻው ነገር ይህ ይሁን ሌላ እርግጠኛ አይደለሁም። ጠዋት ስትወጣ እኔ ተኝቼ ነበር።

ስለ ማግስቱ ብዙ መጻፍ አልችልም። የሆነውን ብቻ ልበል። ከሰንበቴ የተነሳው ሚኒባስ ጨፋ ሮቢት ሳይደርስ ተገለበጠ። ስልክ የደወለልኝ ሰው ድምፁን አላውቀውም፤ ከስልኳ ላይ ነው የደወለው፤ ስለዚህ መጀመሪያ «እቴ» ብዬ ነው ያነሳሁት። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ተርፈዋል። እሷ አልተረፈችም።

በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ቀበርናት። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ፣ ሌላ ወንድምም ስለሌላት፣ መቃብሩ ውስጥ የወረድኩት እኔ ነኝ፤ ከአጎቴ ጋር። አጎቴ በጣም ቀላል ናት አለ። እኔ አልቀለለችኝም። ስንወጣ ሰዎች እጄን እየያዙ «አብሽር፣ አብሽር» ይሉኛል። አንድ ሽማግሌ ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። ለሶላት ውዱእ ሳደርግ ደጋግሜ ታጥቤዋለሁ። አለቀቀም። እርዱ ጆሮዬ ሥር እንዳለ ነበር። ሽማግሌው ምን መሰለው ብዬ አሁንም አስባለሁ።

አንድ ሰው የእሷን ዕቃዎች አምጥቶ በራፉ ላይ አስቀመጣቸው። ጫማዋ፣ ሻሽዋ፣ ቢጫዋ ጀሪካን። ጀሪካኗ አልፈሰሰችም። ክዳኗ ጥብቅ ብሎ ወተቱ ሙሉ ነው። አንስቼ ከጓዳ ጥላ ቦታ አስቀመጥኳት። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ አላውቅም፤ እዚያ በራፍ ላይ እንድትቆይ አልፈለግኩም፣ ይኸው ነው።

በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ቤቱን ቅሬው፣ የሰፈራችን ዕድር፣ ይረከበዋል። ወንዶቹ መቃብር ይቆፍራሉ፣ ሴቶቹ ማጀቱን ይይዛሉ። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን እሳት አይነድም፤ ምግቡ ከየጎረቤቱ ይመጣል። ስለዚህ ሴቶቹ መጀመሪያ የሚያደርጉት ማጀቱን ማጽዳት ነው። የሚበላሽ ነገር ይወጣል፣ ዕቃው ሁሉ ይታጠባል፣ ቤተኛው ከሐዘን ሲነሳ ንጹሕ ቤት ያገኛል። ትልቅ ደግነት ነው። ይህን ስጽፍ ማንንም ለመውቀስ አይደለም።

በነጋታው ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነቃሁ። አዮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣለች። ከቀብሩ ጀምሮ አልተናገረችም፣ አላለቀሰችም፣ ውኃም በግድ ነው የቀመሰችው። ሴቶቹ ፈርተዋል። «ታልቅስ፣ ካላለቀሰች ይጎዳታል» ይባባላሉ። ዐይኗ ምን እንደሚያይ ተከትዬ አየሁ። ግድግዳው ላይ ችካል አለ። ችካሉ ላይ ቅሉ አፉን ወደ ታች አድርጎ ተሰቅሏል።

አወረድኩት። ቀላል ነው። ውስጡ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ፣ ደርቋል። እንዲያ ንጹሕ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ጎረቤታችን ከውጭ የቡና ጀበና ይዛ ገባች። ከቅሬው ሴቶች ታላቋ ናት፤ ከአጥራችን ማዶ ላም አላት፤ እቴ ወተት የምትገዛው ከእሷ ነበር። እጄ ላይ ያለውን አየች።

«ከራሴ ቤት አጥኜ ነው ያመጣሁት» አለች በቀስታ። «ሸትቶ እንዳይጠብቃችሁ ብዬ። ያለውን ለሚያስተዛዝነው ሰው አጠጣነው፤ ሁሉም ለእሷ ዱዓ እያደረገ ነው የጠጣው። ምነው ልጄ?»

«ምንም» አልኩ። «አላህ ይስጥልኝ።»

ሌላ ምን ልበላት። በሷ በኩል ትክክል ናት። የእህቴ እርጎ በከንቱ አልተደፋም፣ የጠጣው መርቋታል። ግን አዮ ዝም ያለችው ለምን እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ገባኝ። በአንድ ቀን ሁለት ነገር ሞቶባታል። ሁለተኛውን ደግሞ፣ ልጄን ቀብሬ ስለ እርጎ ላውራ ወይ ብላ፣ ለማንም ልትናገረው አትችልም።

ከእርሾው የተረፈ ካለ ብዬ ባጃጁን ሳላስነሳ በእግሬ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። ባለ ሱቁ ከባንኮኒው ወጥቶ አቀፈኝ። የማንጎው ኩባያ ቀርቶ እንደሆነ ጠየቅኩት። አንድም አልቀረም። «ትናንት መርዶው ሳይሰማ መንገደኛው ሁሉን ጨረሰው» አለ። የታጠቡትን ባዶ ኩባያዎች በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። ተቀበልኩ።

ከዚያ መንገዱ ዳር ቆሜ ነው ጸጉር ሠሪዋ ትዝ ያለችኝ። ባልዲው፣ የመስታወቱ ዕቃ።

ሮጥኩ። ሰው ለቅሶ ቤት ትቶ ሲሮጥ ያየ ምን ይል እንደሆነ አላሰብኩም። መጋረጃውን ገልጬ ስገባ ጸጉር ሠሪዋ ጥቁር ሻሽ አስራ በአንዲት ሴት ፊት ላይ ትሠራለች። ሴትዮዋ ወንበር ላይ ወደ ኋላ ተንጋልላ ፊቷ ሁሉ ነጭ ነው። ባልዲው አጠገብ የመስታወቱ ዕቃ ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል።

ጸጉር ሠሪዋ ስታየኝ እጇ ቆመ። «ምነው? እናትህ ደኅና ናት?»

«እርጎው» አልኩ። «እቴ የላከችው። ምን ቀላቀልሽበት?»

«ዕቃው ውስጥ ምንም አልቀላቀልኩ። እየቀነስኩ ሳህን ላይ ነው የምቀላቅለው። ምን ሆኗል?»

ነገርኳት። ተሰባብሮ ነው የወጣልኝ። ቅሉ መታጠቡን፣ እርሾው ማለቁን፣ አዮ እንደማትናገር። መጨረሻ ላይ ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

ወንበሩ ላይ ያለችው ሴት በዚያ ነጭ ፊት ዐይኗን ገለጠች። «እኔን ይብላኝ! ልታጠበው እንዴ?» አለች። «ሳይደርቅ ግፈፉት፣ ውሰዱት።»

ጸጉር ሠሪዋ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት። «ተኚ አንቺ፣ ያንቺው ማር አለበት» አለቻት። ዕቃውን ወደ ብርሃን አነሳችው። ሥሩ ላይ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ነጭ ነገር ቀርቷል፤ ጎኑም ላይ ተጣብቋል። «ጾም ባይሆን ኖሮ ያን ቀን ማታ ጨርሼው ነበር» አለች። ክዳኑን ራሷ ገጠመችው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችው። ስትሰጠኝ ግድግዳው ላይ ባለው መስታወት ውስጥ ራሴን አየሁ። ቢጫው ጆሮዬ ሥር ነበር። እሷም አየችው። በጣቷ ነካችውና እጇን መለሰች።

ወደ ቤት ስመለስ አንድ ችግር ነበረ። ወተት እንዲረጋ ለብ ማለት አለበት። እኛ ቤት ደግሞ እሳት አይነድም። በሦስተኛው ቀን አሞቃለሁ ብዬ ብጠብቅ፣ በዚያ ሙቀት ያቺ ማንኪያ እርጎ አትቆይም። አጥሩን ዞሬ ወደ ጎረቤታችን ሄድኩ። ላሟን ልታልብ ጥጃውን እየፈታች ነው።

«አከም ቡልተኒ» አልኳት፤ እንዴት አደሩ ለማለት ከዚያ ሌላ ቃል አልመጣልኝም፤ ምንም እንኳ ያደረችው እኛው ቤት ቢሆንም። «ከጡቱ የወጣ ትኩስ ወተት እፈልጋለሁ። አሁኑኑ። ሳይቀዘቅዝ።»

«ለእናትህ?»

ዕቃውን አሳየኋት። አልገባትም፤ ከዚያ ገባት። እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ያ ረቢ» አለች። «ያ ረቢ፣ እኔ ነኝ ያጠብኩት።»

«በደግ ነው ያጠብሽው። አሁን እለቢልኝ።»

እንደዚያ እየተጣደፈ ሰው ሲያልብ አይቼ አላውቅም። ጥጃው ጠግቦ ሳይጠባ አሰረችው፤ አዘንኩለት። ወተቱን በጨርቅ ሸፍና፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ ጫማ ሳታደርግ እስከ ጓዳችን ድረስ ከፊቴ ሄደች።

አዮ አሁንም ወደ ግድግዳው ዞራለች። ቅሉን ከፊቷ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ከዕቃው ሥር ያለውን በማንኪያ አውጥቼ ወደ ቅሉ ጨመርኩ፤ ጎኑ ላይ የተጣበቀውን በትኩሱ ወተት አጥቤ ጨመርኩ። ወተቱን ላፈስ ስል አንድ እጅ አንጓዬን ያዘኝ። አዮ ናት። ጣቷን ወተቱ ውስጥ ነከረች፤ ጥቂት ቆየች።

«ለብ ብሏል» አለች። «በቀስታ።»

በቀስታ አፈሰስኩ። ጎረቤታችን ከበሩ ላይ ማልቀስ ጀመረች፤ አዮ ግን እስኪያልቅ ድረስ ቅሉን ይዛ ነበር። ከዚያ ክዳኑን ገጠመችና አስተካክላ ግድግዳው ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ ነው ያለቀሰችው። ጮክ ብላ፣ በስሟ እየጠራቻት። ሴቶቹ ከውጭ ሰምተው ገቡና ያዟት።

እኔ ማንኪያውን ይዤ ቆሜያለሁ። ማንኪያው ላይ ትንሽ ቀርቷል፤ የጥፍር ያህል። ልልሰው አልኩ። አልላስኩትም። ከጓዳ ቢጫዋን ጀሪካን አመጣሁ። ስከፍታት ወተቱ ትንሽ ሸተት ቢልም ደኅና ነው። ባለ ሱቁ ከሰጠኝ ኩባያዎች ወደ አንዱ ከግመሉ ወተት ቀዳሁና ማንኪያውን ነክሬ አማሰልኩ።

አዮ ከሴቶቹ መሃል አየችኝ። ፊቷን ጠረገች።

«ከሰንበቴ ያመጣችው ነው?»

«አዎ።»

«አይረጋም» አለች። «ነግሬያታለሁ።»

«አውቃለሁ፣ አዮ።»

ኩባያውን አየችው። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ወደ ቅሉ አመለከተችኝ።

«እዚያ አጠገቡ አድርገው። ክደነው፣ ዝንብ እንዳይገባ» አለች። «እናየዋለን።»

ከድኜ አጠገቡ አስቀመጥኩት።